አባባ «እርስዎ» ሲለኝ

አባቴ ልብስ ሰፊ ነው። ቤተሰቡን ይሰድባል፣ ደንበኛውን ያከብራል። አንድ ቀን ጠዋት ታዲያ ቁርሱን ላቀርብለት ስገባ ብድግ ብሎ «ይግቡ፣ ይቀመጡ፤ ምን ልስፋልዎ?» አይለኝ መሰላችሁ! እኔን፣ የገዛ ልጁን! ዕድሜ ልኬን «አንቺ ቀዥቃዣ» ሲለኝ የኖረ ሰው! መከበር እንዲህ እንደሚያም ያን ቀን ነው ያወቅኩት።

ሐኪም ቤት ወሰድኩት። ሐኪሟ አልዛይመር የሚባለው የመርሳት በሽታ መሆኑን ነገረችኝ፤ ሐቁንም አልደበቀችኝም። «ልንሞክረው የምንችል መድኃኒት አለ። የተሠራው ግን ለሌላ በሽታ ነው፤ ለዚህኛው አልተፈቀደም። ይረዳ እንደሆነ በርግጠኝነት የሚያውቅ የለም። ከጎዳው እናቆማለን» አለች። አባባንም ጠየቀችው። «እንደ ወደዱ» አላት በትሕትና። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፤ እኔም እሺ አልኩ። አንድ ጊዜ «አንቺ» ቢለኝ ሌላ ምን እፈልጋለሁ?

መድኃኒቱን ሲጀምር መብላት ተወ። ሱሪው ወገቡ ላይ አልቆም አለ። የሰው ሱሪ ሲያስተካክል የኖረ ሰው የራሱን በእጁ ይዞ ይሄድ ጀመር። ወንድሜ መጥቶ አየውና «ኧረ በፈጣሪ! ልትጨርሺው ነው እንዴ?» ብሎ ጮኸብኝ።

«ብቅ እያልክ አትፍረድብኝ! ትንሽ ጊዜ ስጠው» አልኩት። ግትር ነኝ፤ ከማን እንደወረስኩት አትጠይቁኝ።

ቅዳሜ የሱሪውን ወገብ ላጥብብለት ስፌት መኪናው ላይ ተቀመጥኩ። አባባ አይቶኝ ደነገጠ። «ኧረ ይተዉት እመቤቴ! ይልቅ ይነሱ፣ ልለካዎ» ብሎ ከአንገቱ የማይለየውን ሜትር ሳብ አደረገ። እጁ ሥራውን አልረሳም። ግራ ትከሻዬ ላይ ሲደርስ ቆም አለ። ሊያውቀኝ ነው!

«ይሄኛው ትከሻዎ ዝቅ ይላል» አለኝ።

ትከሻዎ። «ትከሻሽ» አላለም። እንባዬ መጣ።

«አይቀየሙኝ፣» አለ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «የልጄም እንደዚሁ ነው። ሳትሰማ በግራ በኩል ስፖንጅ እደርብላታለሁ። ብታውቅማ ጉዴ ነው! ቁጡ ናት።» ሳቀ፤ የድሮውን ሳቁን።

የለበስኩትን ጃኬት ዳሰስኩት። የሰፋልኝ እሱ ነው። ግራው ይወፍራል። እኔ እኮ ይሄን ሁሉ ዓመት ቀጥ ብዬ የምሄድ ይመስለኝ ነበር።

«ልጅዎ የት ናት?» አልኩት፤ «አንተ» ማለት አቃተኝ።

«ትመጣለች። ምሳዬን እሷ ናት የምታበላኝ።»

ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። ከዚያ ሐኪሟ ጋ ደውዬ «ይብቃው፣ እናቁምለት» አልኳት። ልጁን አልረሳትም፤ እኔ መሆኔን ነው ያላወቀው። ለዚህ ብዬ በረሃብ አልገድለውም።

ስመለስ ሜትሩን ጠቅልሎ ይጠብቀኛል። «ለመቼ ይድረስልዎ?» አለኝ።

«አይቸኩሉ፤» አልኩት፣ «እኔ እመላለሳለሁ።»