የጋሼ መንገሻ አሥራ ሦስተኛ መዝሙር

ትዕግሥት የመንፈስ ፍሬ ነው ይባላል፤ እኔ ላይ ገና አልበሰለም። ምሥራች እባላለሁ፣ ካናዳ፣ ካልጋሪ ባለች አንዲት የአማርኛ ቤተ ክርስቲያን የመዘምራን መሪ ነኝ። ልምምድ ላይ አንድ ሰው ዜማ ከሳተ እጄን አንሥቼ ሁሉንም አስቆማለሁ። የጋሼ መንገሻን መዝሙሮች የምወደውም ለዚህ ነበር፤ ዜማቸው ውኃ ነው፣ ሰው አያስቸግርም።

ጋሼ መንገሻ ስድሳ ስምንት ዓመታቸው ነው። ሰንሪጅ አካባቢ በነበረ የሶፋና የአልጋ መደብር አሥራ አንድ ዓመት ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል። በእነዚያ ዓመታት አሥራ ሦስት መዝሙር ተቀብለዋል። እኛ ዘንድ መዝሙር «ደረስኩ» የሚል ሰው የለም፤ መዝሙር ከጌታ ይቀበሉታል። ጋሼም እያንዳንዱን እንዴት በጸሎት ላይ እንደተቀበሉት ሲመሰክሩ ከቃላቸው እንባቸው ይቀድማል።

አሥራ ሁለቱን ጉባኤው በቃሉ ያውቃቸዋል። አሥራ ሦስተኛውን ግን እኔው ደብተሬ ውስጥ ቀብሬዋለሁ። ስለ አውቶቡስ ነው። ዜማው ሁለት ጊዜ ይወድቅና ድንገት ተነሥቶ የሰው ጉሮሮ የማይደርስበት ይወጣል። በየዓመቱ «ያቺንስ መቼ ነው?» ይሉኛል፤ በየዓመቱ «ጊዜዋ ሲደርስ» እላለሁ። ዘንድሮ አልበማቸውን ልንቀርጽ ስቱዲዮ ስንይዝ እንኳ አሥራ ሁለቱን ብቻ ነበር ያስመዘገብኩት።

ስቱዲዮ ልንገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረን ኢንተርናሽናል አቬኑ ላይ ካለ አሮጌ ዕቃ መሸጫ አንድ ሲዲ ገዛሁ። መኪናዬ ከሲዲ ሌላ ነገር አይገባትም። ሽፋኑ ላይ ጸጉሯ እንደ ጃንጥላ የተነፋ ሴት አለች፤ ኢስላ ደንካርን የምትባል ስኮትላንዳዊት የፖፕ ዘፋኝ፣ ምርጥ ሥራዎቿ ተሰብስበው፣ 1986። የመዘምራን መሪ ዘፈን ምን ያደርግላታል የሚለኝ ካለ፣ ለድምፅ ጥናት ነው። ጌታ ልቤን ያውቃል።

ሞተር አስነሥቼ ከፈትኩት። የመጀመሪያው ዘፈን ዜማ ከጋሼ ያገኘነው የፋሲካ መዝሙራችን ነበር። ሁለተኛው የጌታ እራት። ሦስተኛው ሲጀምር መኪናዬን ዳር አስያዝኩ። አራተኛው የእትዬ ገበያነሽን ባል ስንቀብር የዘመርነው ነው፤ ዘፋኟ በከበሮና በጭብጨባ እየጨፈረች ትለዋለች። አምስተኛው ሲያልቅ ስድስተኛውን እኔው ቀድሜ ጀመርኩላት። ሳልሳሳት አብሬያት እስከ አሥራ ሁለተኛው ደረስኩ። ከዚያ መሪውን ይዤ «በኢየሱስ ስም!» አልኩ።

በማግሥቱ ጋሼን ሐኪም ቤት ላደርስዎት ብዬ ከቤታቸው ወሰድኳቸው። ተመርምረው ሲወጡ፣ የሚሰማ ነገር አለኝ አልኳቸውና ከፈትኩት። መጀመሪያ ፈገግ ብለው ጭንቅላታቸውን ወዘወዙ። ከዚያ ፊታቸው ጠቆረ።

«ይቺ ሴትዮ ሰርቃኛለች!»

«ጋሼ…»

«ማነው የሰጣት? ከኳየሩ ውስጥ ነው! ዩትዩብ ላይ ፖስት አታድርጉ ብዬ ነበር! ሎየር እይዛለሁ!»

«ጋሼ፣ ይህን መዝሙር የተቀበሉት መቼ ነው?»

«በ2014 ነዋ፣ ጾም ጸሎት ላይ።»

ሽፋኑን ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት። ገልብጠው ሌላ ዓመት ፈለጉ። ከዚያ ተስፋ አድርገው ቀና አሉ።

«ምናልባት በእኛ አቆጣጠር ቢሆንስ?»

«በእኛም ቢሆን አይደርሱባትም፣ ጋሼ።»

ሽፋኑን ደግመው ሲያዩት የሴትዮዋን ፎቶ በአውራ ጣታቸው ነካ አደረጉት።

«አውቃታለሁ» አሉ ቀስ ብለው። «ሱፐርቫይዘራችን የስኮትላንድ ሰው ነበር። ፎቶዋን ኦፊሱ በር ላይ ለጥፎ፣ ሺፍት ከሚጀመርበት እስከሚያልቅ የእሷን ዘፈን ነበር የሚከፍተው። አሥራ አንድ ዓመት። እኔ ኢንግሊሹ ስለማይገባኝ አላዳምጣትም ነበር እኮ!»

ልስቅ ነበር፤ ሳቄ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ጋሼ ጠየቁኝ፤

«እንግዲያ ጌታ አንድም ቀን አላናገረኝም ማለት ነው?»

ሽማግሌ ሰው አጠገቤ ባዶ ሲሆን አየሁ፣ ባዶ ያደረግኳቸው ደግሞ እኔ ነኝ። ምነው ምላሴን በቆረጠው አልኩ። ሲዲው መዝፈኑን ቀጥሎ ነበር፤ ማጥፋት እንኳ አፈርኩ። እንደተቀመጥን አሥራ ሁለተኛውም አለቀና ሲዲው ቆመ።

ጋሼ ቀና አሉ። «ያቺኛዋስ?»

«የቷ?»

«የአውቶቡሷ።»

«እሷ የለችም።»

«ደግመሽ ፕሌይ አድርጊው።»

ከመጀመሪያው ጀምረን፣ ሐኪም ቤቱ ፓርኪንግ ውስጥ ተቀምጠን፣ ሁሉንም ሰማን። የለችም።

«የት ነበር የተቀበሏት?» አልኩ።

«ባለቤቴ ሆስፒታል የተኛች ጊዜ፣ ፌርማታ ላይ። ብርዱ ከዜሮ በታች ሠላሳ ሁለት ነበር። አውቶቡሱ ቀረ፤ ሳልደርስላት ትሞትብኛለች ብዬ ጮክ ብዬ አለቀስኩ።»

«ሙዚቃ ይሰማ ነበር?»

«ነፋስ ብቻ ነበር፣ ልጄ።» ይህን ሲሉ ፊታቸው በራ። እኔ ደግሞ ሰባት ዓመት ሙሉ የቀበርኩት የቱን እንደሆነ ያኔ ገባኝ።

እሑድ ጉባኤው ፊት ቆመው አንድም ሳይደብቁ ተናገሩ። ሲዲውን ከፍ አድርገው አሳዩ። ቀድማ የተነሣችው እትዬ ገበያነሽ ናት።

«ባሌን የቀበርኩበት መዝሙር ነው፤ የማንም ይሁን አልመልስም!»

ፓስተር ስምዖን ግራ ገብቷቸው ጣሪያውን አዩ። በኋላ እነዚያ አሥራ ሁለቱ አይቀረጹም ብለው ወሰኑ። ስለዚህ ስቱዲዮ የምንገባው አንድ መዝሙር ያለው አልበም ልንቀርጽ ነው።

የዚያን ዕለት ግን ጋሼ ማይኩን እንደያዙ ወደኔ ዞሩ። «ጊዜዋ ደረሰ?» አሉኝ።

«ደርሷል፣ ጋሼ» አልኩ።

ጀመሩ፤ እኛም ተከተልን። «አውቶቡሱ ቀረ፣ አንተ ግን መጣህ።» ዜማው አንዴ ወደቀ፣ ሁለቴ ወደቀ፣ ከዚያ ወደዚያ ወደማይደረስበት ተነሣ። ወንዶቹ ቀሩ፤ ሴቶቹ ጮኹ፤ የእኔ ድምፅ ከሁሉ በፊት ተሰነጠቀ። ጋሼም ራሳቸው አልደረሱበትም፤ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ እንባቸው እየወረደ፣ ባልደረሱበት ቦታ ቆመው ዘመሩ።

እጄ እንደ ልማዱ ሊያስቆም ተነሥቶ ነበር። መልሼ አወረድኩት።