ስድስት መቶ ጫማ

አብራሪዋ መስመሩን አሥራ አራት ዓመት በርራበታለች። አርባ ደቂቃ ነው፤ ሜዳ፣ ወንዝ፣ ከዚያ ጋራው፣ ከጋራው ማዶ ቤቷ ያለበት ከተማ። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ወደ ቤት ስትመለስ የጫነችው ከዘመቻ የሚመለስ አንድ የከብት ሐኪምና ባዶ የክትባት ሣጥኖች ብቻ ነበር። ሐኪሙ ገና መሬት ሳይለቁ አንገቱን ጥሎ ማንኮራፋት ጀመረ።

ጋራው አጠገብ ሲደርሱ ደመናው ወፍሮ ጠበቃቸው። ትንሿ አውሮፕላን ከፍታዋን የምታውቀው በአየሩ ግፊት ነው፤ ግፊቱ ደግሞ ጠባዩ አይጨበጥም፣ ከቀን ቀን ይለዋወጣል። ስለዚህ አብራሪ ሁሉ የዕለቱን የግፊት ቁጥር ከመቆጣጠሪያው ማማ ጠይቆ የከፍታ መለኪያው ላይ መሙላት አለበት። እሷም ጠየቀች።

«አንድ ሺህ ዘጠኝ» አላት የማማው ሽማግሌ በሬዲዮ።

«አንድ ሺህ ሃያ ዘጠኝ» ብላ ደገመችለት። ሳምንቱን ሙሉ ሃያ ዘጠኝ ነበር፤ ጆሮዋ የለመደውን ሰማ።

«ትክክል ነው» አላት።

የመለኪያውን ቁልፍ አዙራ ቁጥሩን ሞላች። መለኪያው ከጋራው በላይ ነሽ አላት፣ አመነችው። እውነተኛ ከፍታዋ ግን በሁለቱ ቁጥሮች ልዩነት ምክንያት መለኪያው ከሚለው በስድስት መቶ ጫማ ያንስ ነበር።

ደመናው ድንገት ሲቀደድ ዛፍ አየች። እላይ ሆና የምታየው አረንጓዴ ምንጣፍ አይደለም፤ ዛፍ ነው፣ ቅርንጫፉ፣ ቅጠሉ፣ ቅርንጫፉ ላይ ያረፈችው ቁራ ሳትቀር። መሪውን በሁለት እጇ ጎትታ ሞተሩን አስጮኸችው። ሣጥኖቹ ተንጋጉ፤ የሐኪሙ ራስ ከጣሪያው ጋር ተጋጨ።

«ምን ሆነ?» አለ ደንግጦ።

«ንፋስ ነው» አለች። ቃሉ ሳታስበው ነበር ከአፏ የወጣው።

ከጋራው ማዶ ደመናው ስለሳሳ ማኮብኮቢያውን በዓይኗ እያየች አረፈች። ጎማዎቹ መሬት ላይ ቆመው፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ መለኪያው ግን አሁንም ስድስት መቶ ጫማ አየር ላይ ነሽ ይላታል። የሞላችው ቁጥር ስሕተት እንደነበር ያን ጊዜ ነው የገባት።  ሐኪሙ በሁለት እጁ ጨብጧት፣ «ካፒቴን፣ ዕድሜ ይስጥሽ፣ ከሞት አወጣሽኝ!» ሲላት ዓይኗን ከመለኪያው አላነሳችም።

ቤቷ ገብታም መቀመጫ አጣች። ሽንኩርት ከትፋ ምድጃው ላይ ጣደችና ረስታው አረረ። ልጇ የቤት ሥራዋን ይዛ ብትመጣ የመደመሩን ሒሳብ ሦስት ጊዜ ተሳሳተችባት። ባሏ ልብስ ሰፊ ነው፤ ሳሎኑ ጥግ ካለው የስፌት መኪናው ላይ ቀና ብሎ ከመነጽሩ በላይ አያት።

«አንቺ ሴት፣ ምነው ዛሬ እንደ ሸማኔ መወርወሪያ ወዲያ ወዲህ አልሽብኝ? ቁጭ በያ!»

«ተቀምጬ ነው የዋልኩት። እግሬን ላፍታታ ብዬ ነው።»

«እግርሽ ከተፍታታ ቆይቷል። ፊትሽ ነው የታሰረው።»

 ልብስ ማጠፍ ጀመረች፤ ታጥፎ የተቀመጠውን ዘርግታ እንደገና አጠፈችው።

በነጋታው ቢሮ ስትገባ ሥራ አስኪያጁ ሠራተኛውን ሰብስቦ ቆሟል። ሐኪሙ ደውሎ ነበር። «ከአውሎ ንፋስ አፍ ፈልቅቃ ያወጣችው የኛ ጀግና!» አለ ሥራ አስኪያጁና አስጨበጨበላት። እያንዳንዱ ጭብጨባ ጥፊ ሆኖ አረፈባት። ሰበብ ፈጥራ ወጣችና በቀጥታ ወደ ማማው አመራች፤ ደረጃውን በሩጫ ወጣችው።

ሽማግሌው ብቻውን ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ አብራሪው ሁሉ ጋሼ ይለዋል።

«ጋሼ፣ ትናንት የሰጡኝ ቁጥር…»

«ዘጠኝ ነው» አላት ሳያስጨርሳት። ፊቱን ግን አላዞረም። «ካረፍሽ በኋላ የሬዲዮውን የድምፅ ቅጂ አዳመጥኩት። ዘጠኝ አልኩ፣ ሃያ ዘጠኝ አልሽ፣ ትክክል ነው አልኩ።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«አንቺስ ለምን አልነገርሽኝም?»

ወደ ወንበሩ ተጠጋች።

«ለአለቆች ልጽፈው ነው» አለች።

ያን ጊዜ ዞረ። «ምኑን ነው የምትጽፊው? ማን ሞተ? አውሮፕላኗ አንዲት ጭረት የለባት! ጡረታዬ ሦስት ወር ነው የቀረው፣ ልጄ፣ ሦስት ወር! ይህን ሁሉ ዘመን ስሜ ሳይነሳ ኖሬ በአንቺ ጆሮ ምክንያት ልዋረድ?»

«በኔ ጆሮ ብቻ ነው ጋሼ?»

አፉን ሊከፍት ሲል ሬዲዮው ጮኸ። የፖስታ አውሮፕላን ነው፤ ከጋራው ማዶ ሆኖ ቁጥር ይጠይቃል። ሽማግሌው ሰጠ። አብራሪው በትክክል ደገመ። «እንደገና በል» አለው። ደገመለት። «አንድ ጊዜ እንደገና፣ አንድ በአንድ ጥራልኝ» አለው።

«ኧረ ጋሼ፣ ዛሬ ምን ነካዎት?» ብሎ ሳቀ የፖስታው አብራሪ።

ሽማግሌው አልሳቀም። ማይክሮፎኑን አስቀመጠ። ለረጅም ጊዜ ወደ ጋራው ተመለከተና መሳቢያውን ስቦ ወረቀት አወጣ፤ ግማሹን ለሷ ገፋላት።

«ያንቺን ጻፊ። የኔን እኔው እጽፈዋለሁ፣ ማንም እንዲጽፍልኝ አልፈልግም» አላት።

ጽሑፎቹ የደረሷቸው አጣሪዎች ሁለቱን ሰዎች ጎን ለጎን አስቀምጠው የድምፅ ቅጂውን አሰሟቸው። እሷን ያስደነገጣት ስሕተቱ ሳይሆን ድምፅዋ ነው፤ አንዳች ጥርጣሬ የሌለበት፣ የረጋ፣ ሌላ ሰው ቢሰማው የሚያምነው ድምፅ። ሁለት ወር ከበረራ ታገደች። ሽማግሌውን ከማይክሮፎኑ አንስተው መዝገብ ቤት አስገቡት፤ ጡረታውም እዚያው ደረሰ። የሽኝቱ ዕለት ከሩቅ በእጁ ሰላም አላት እንጂ አልቀረባትም፤ እሷም ልትቀርበው ድፍረት አጣች።

የከብት ሐኪሙን ራሷ ቢሮው ድረስ ሄዳ፣ «ንፋስ አልነበረም፤ ተሳስቼ ነው» አለችው። እስክትጨርስ ሰማት፣ አመሰገናት፣ እስከ በሩም ሸኛት። ከዚያ ወዲህ ግን ጋራውን የሚሻገረው በመኪና ነው፤ ዘጠኝ ሰዓት ይፈጅበታል።

እገዳዋ ባለቀ በመጀመሪያው ሳምንት ስድስት ተሳፋሪ ጭና ስትመለስ ጋራው እንደገና ደመና ለብሶ ጠበቃት። ቁጥሩን ጠየቀች፣ ደገመች፣ አስደገመች። መለኪያው ደህና ነሽ ይላታል፤ ልቧ ግን አልረጋ አለ። የአውሮፕላኗን አፍንጫ አዙራ ወደ ተነሳችበት ሜዳ ተመለሰች። ተሳፋሪዎቹ አጉረመረሙ፤ አንዷ ሠርግ እንዳመለጣት እየነገረች አለቀሰች። አብራሪዋ ክንፉ ሥር ቆማ፣ ሰዓቷን እያየች፣ ሰማዩን እያየች፣ ደመናው እስኪነሳ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሳትቀመጥ ጠበቀች።