ባልንጀራ ማለት ባል ነው?

ዲንሳ ዘጠኝ ዓመት ደቡብ አፍሪካ ኖሮ ፉሪ ሲመለስ፣ ያወራውን ሁሉ ያመነው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሷም ገና ስምንት ዓመቷ ነው። ሌላው ያላመነው ስለማያውቀው አይደለም፣ ስለሚያውቀው ነው። ይህ ሰው በልጅነቱ ጅብ ከመካኒሳ እስከ ፉሪ በታክሲ አብሮት እንደተሳፈረ፣ መንገድ ላይ ለገቡ አሮጊትም ጅቡ ተነሥቶ ወንበር እንደለቀቀላቸው፣ አሮጊቷም «ተባረክ ልጄ» ብለው እንደመረቁት በእናቱ እየማለ ሲያወራ የኖረ ነው።

ስለዚህ «ሥራዬ ወፍ ማጠብ ነው» ሲል እህቱ ሸጊቱ ጠረጠረች። መጠርጠር ድሮም ልማዷ ነው። አባቷ ጤፍ ይዘሩበት ከነበረው መሬት በተረፈላት ግቢ፣ ዙሪያዋን ኮንዶሚኒየም ከቧት፣ አራት ላም እያለበች ወተት ትሸጣለች። «ወተትሽ ውኃ ገብቶበታል» የሚላት ስለበዛ፣ እሷም በተራዋ ሰውን ሁሉ ውኃ እንደገባበት ነው የምታየው።

«ምን ዓይነት ወፍ ነው ደግሞ የሚታጠበው?» አለችው።

«ፔንግዊን ይባላል። አይበርም። አረማመዱ የወረዳ ሥራ አስፈጻሚ ነው የሚመስለው። መርከብ ባሕሩ ላይ ዘይት ሲደፋ ላባው ይጣበቅና በብርድ ያልቃል። እኛ በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና አጥበን፣ ዓሣ አብልተን፣ ሲያገግም እንለቀዋለን። ዘሩ ሊጠፋ ነው፣ ሸጊ።»

«እሺ፣ እስር ቤት ስንት ዓመት ቆየህ?» አለች ሸጊቱ። ዲንሳ ሳቀ።

ያመነችው ሶሬቲ ናት፣ የሸጊቱ ልጅ። አጎቷን በኦሮምኛ «ኤሱማ» እያለች፣ የእናቴ ወንድም ማለቷ ነው፣ ከእግሩ ሥር አልጠፋ አለች። አንድ ጠዋት እናቷ ላም ስታልብ መጥታ ቁጢጥ አለች።

«እማ፣ ሁለት ወንዶች እንደ አንቺና እንደ አባባ ይዋደዳሉ?»

የሸጊቱ እጅ ጡቱ ላይ ቀጥ አለ። «ማነው ያለሽ?»

«ኤሱማ። እነሱ ጋ ሁለት ወንድ ፔንግዊኖች አሉ። አንድ ጎጆ ነው ያላቸው። እናቱ የተወችው እንቁላል ሲሰጣቸው ተራ በተራ ታቀፉት። አንዱ ሲታቀፍ ሌላው ይበላል። ጫጩቷም ተፈለፈለች። ‹ሰውስ እንደዚህ ይሆናል?› ስለው ‹ይሆናል› አለኝ።»

«የኤሱማሽ ጅብም ታክሲ ይሳፈራል» አለች ሸጊቱ። ማለቧን ቀጠለች። ወንድሟ ውሸታም በመሆኑ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈጣሪዋን አመሰገነች።

ምስጋናው ግን ሁለት ቀን እንኳ አልሞላም። ከአጥሩ ጀርባ ጋራዥ አለ። ነጯ ዶሮዋ በሽቦው ሾልካ ገብታ የተቃጠለ ዘይት የሚጠራቀምበት በርሜል ውስጥ ወደቀች፤ ሲያወጧት የጎማ ቁራጭ መስላለች። ሸጊቱ ቢላ ልታመጣ ስትል ዲንሳ «ቆይ!» አለ። ሙቅ ውኃ በሦስት ሳፋ አስቀዳ። አንገቷን በሁለት ጣቱ ደገፍ አድርጎ፣ ላባዋን አንድ በአንድ፣ የዓይኗን ዙሪያ በጥርስ ብሩሽ፣ ሳይቸኩል ሲያጥባት ረፋዱ አለቀ። ዶሮዋም እጁ ላይ ዝም አለች። ከሰዓት በኋላ ግቢውን እየጫረች ነበር።

ሸጊቱ እጁን ስታይ ቆየች። ያ እጅ አይዋሽም። እንግዲያው ወፍ ማጠቡ እውነት ነው ማለት ነው። ወፍ ማጠቡ እውነት ከሆነ ሁለቱ ወንዶችም እውነት ናቸው። እነሱ እውነት ከሆኑ «ይሆናል» ያለውስ?

ከዚያ ወዲያ ዓይኗ ከወንድሟ ላይ አልተነሣም። ሠላሳ አምስት ዓመቱ ነው፤ ሚስት ሲሉት ወሬ ይለውጣል። ስልክ ሲደወልለት ከጭድ ክምሩ ኋላ ይሄዳል። እሷም ጭድ የምታነሣ መስላ ተከተለችው።

«በላህ?» ይላል ዲንሳ። «አትዋሽ፣ አልበላህም። እኔም ናፍቀኸኛል።»

«ህ» ነው። «ሽ» አይደለም። ሸጊቱ ጭዱን ታቅፋ ቀረች።

ይህን ለማን ትናገር? ባሏ ቦና በጭነት መኪናው ጅቡቲ መንገድ ላይ ነው። ነገሩ ሲያንቃት ጎረቤቷን ተሾመችን ዙሪያ ጥምጥም ጠየቀቻት። «እስቲ አንቺ፣ ወንድ ልጅ ሴትን ‹አንተ› ብሎ ይጠራል?»

«ውይ፣ ሲወዳት ነዋ! የኔው ቸኮል እንኳ ደስ ሲለው ‹ና አንተ፣ የኔ ጌታ› ነው የሚለኝ» አለች ተሾመች። ከዚያም ዓይኗ በራ። «ዲንሳ ነው አይደል? ሚስት ደብቋል! እኔ የእህቴን ልጅ አስቤለት፣ ጉድ!»

ሸጊቱ ያን ሌሊት ተስፋ ይዛ ተኛች። ምናልባት ሴት ናት፣ አቆላምጧት ነው።

ጠዋት ተሾመች ወተት ልትወስድ ማሰሮዋን አንጠልጥላ ስትመጣ ዲንሳ በረንዳው ላይ ነበር። «አንተ ሌባ!» አለችው ገና ከበሩ። «ስሟ ማነው?»

«የማን፣ እትዬ ተሾመች?»

«በስልክ ‹አንተ› የምትላት!»

ዲንሳ አፉን ሳይከፍት ሶሬቲ ቀደመችው። «ሉቃስ ነው። የኤሱማ ባልንጀራ ነው፣ አብረው ነው የሚኖሩት። እማ፣ ባልንጀራ ማለት ባል ነው?»

የተሾመች ፈገግታ ፊቷ ላይ እንዳለ ደረቀ። ሸጊቱ ወንድሟን አየችው። ከልጅነቱ ጀምሮ ውሸት ያልጠፋው ሰው ዛሬ አንዲት አልመጣለት ብላ፣ ከንፈሩ ነጭ ሆኖ ቆሟል። አይታው አታውቅም እንዲህ ሲፈራ። ይህች ሴት ከዚህ ወጥታ ላፍቶ ሳትደርስ ወሬው ይደርሳል።

«ሉቃስ ወፉ ነው!» አለች ሸጊቱ።

«ምን?»

«ፔንግዊኑ ነዋ! ከጫጩትነቱ አሳድጎት ድምፁን ካልሰማ ዓሣ አልበላም ይላል። ዘበኛው ስልኩን ጆሮው ላይ ይይዝለታል። ይሄ ደግሞ ከዚህ ‹በላህ?› ይለዋል። ‹ናፍቀኸኛል› ሲለው ነው የሚውጠው!»

ተሾመች አንዷን አየች፣ ሌላውን አየች። ከዚያ በሳቅ ፈነዳች። «እናንተ ቤት ቅጥፈት በዘር ነው ለካ!» ወተቷን አስቀድታ ሄደች። በሩ ጋ ስትደርስ ግን ዞር ብላ አየቻቸው።

ዲንሳ ቤት ገብቶ ሻንጣውን ጎተተ። ተከትለውት ሲገቡ ሶሬቲ እናቷ ፊት ተገተረች። «ለምን ዋሸሽ? ሉቃስ ሰው ነው። ፎቶውን አይቻለሁ።»

ሸጊቱ ተቀመጠች። ‹ዝም በይ› ማለት ትችል ነበር። ዝም ያሰኟት ልጅ ግን ሌላ ቦታ፣ ሌላ ሰው ትጠይቃለች።

«ሰው ነው» አለች።

«ይዋደዳሉ?»

ሸጊቱ ወንድሟን አየች። «እንዋደዳለን» አለ ዲንሳ፣ ወደ ሻንጣው እንዳቀረቀረ።

«እንግዲህ ሰማሽ» አለች ሸጊቱ። «እኔ እንዲህ ያለ ነገር አላውቅም ልጄ፣ ማንም አላስተማረኝም። ያሳደግሁትን ወንድሜን ግን አውቀዋለሁ፣ ክፉ አይደለም። ነገር ግን ውጭ አይወራም። ሰው ይደበድበዋል። ሕጉም ያስረዋል።»

«ስለተዋደዱ?»

«አዎ።»

«ጅቡ እንኳ ከዚህ ይሻላል» አለች ሶሬቲ። ከአጎቷ ወሬ አንድም ያልተጠራጠረች ልጅ ይህን እውነት ጠረጠረችው።

ሸጊቱ ተነሥታ ልብሱን ከሻንጣው አወጣች። «ትኬትህ ለእሑድ ነው፣ እሑድ ትሄዳለህ። ዛሬ ብትሸሽ ተሾመች ቁጭ ብላ ትደምረዋለች።»

ይህን ብላ ሳትጨርስ በሩ ተንኳኳ። ሁለቱም ትልልቆች ባሉበት ቀሩ። ሶሬቲ ሮጣ ከፈተች።

«ያ ወፍ» አለች ተሾመች፣ «ፎቶ የለውም? ቸኮል ‹ካላየሁ አላምንም› አለኝ።»

«ነበረው» አለች ሶሬቲ ዓይኗን ሳታርገበግብ። «ግን ብርሃኑ ሲበራበት ተናዶ ካሜራውን ዋጠው። አሁን ሲያዛጋ ሆዱ ውስጥ ብልጭ ይላል።»

የተሾመች ሳቅ ከበሩ እስከ መንገዱ ተሰማ። ሶሬቲ ተመልሳ እናቷን ቀና ብላ አየቻት። «ደህና አልኩ?»

ሸጊቱ ልጇን ስትዋሽ ከያዘቻት ቁንጥጫ ነበር ቅጣቷ። ዛሬ እጇ የት እንደሚሄድ ጠፋት። ቆይቶ ቆይቶ የልጅቷ ፀጉር ላይ አረፈ። ዓይኗ ግን ከበሩ አልተነቀለም።