ቤንዚኑ በየት በኩል ነው የሚገባው?

“ሞተር እንደሆነ፣ በዚህ ሰፈር ከእኔ በላይ የሚያውቀው የለም!” አለች ፌንጣ፣ ሄልሜቱን ጭንቅላቷ ላይ እየደፋች። ደፋችው እንጂ የኋላውን ወደ ፊት አዙራው ነበር።

እናቷ ከበሩ ላይ ሆና አየቻትና በጤነኛ እጇ አዙራ አስተካከለችላት። ሌላው እጇ በጄሶ ተጠቅልሎ ከአንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል። ልብስ ሰፊ ናት። የሰፋችውን በትንሿ ስኩተር እየጫነች ለየደንበኛው የምታደርሰውም ራሷ ነበረች። ደረጃ አንሸራቷት አንጓዋ ከተሰበረ ወዲህ ግን ስኩተሯ ግቢ ውስጥ ቆማ የድመት አልጋ ሆናለች።

“ሱሪውን ይዘሻል?”

“ይዣለሁ።”

“ቤቱንስ ታውቂዋለሽ?”

“እማዬ፣ ሠርግ ያለበት ቤት ደግሞ ይጠፋል? ጫጫታውን ተከትዬ እሄዳለሁ።”

“ቀልዱን ተይው። ሰውዬው ሱሪ የለውም፣ ገባሽ? ፎቶ አንሺው ደርሷል፣ እሱ ግን እስካሁን ሙሽራ የሆነው ከወገቡ በላይ ብቻ ነው።”

ነገሩ እንዲህ ነው። ሙሽራው ሱሪው ረዝሞበት ትናንት ማታ እንዲያጥርለት አምጥቶ ነበር። እናት በአንድ እጅ ስለማይሆንላት ፌንጣ ቀመቀመችው፤ እናት ደግሞ ከጎኗ ተቀምጣ በአፏ ቀመቀመችው።

“መጀመሪያ ቤንዚን ቅጂ። መርፌው ቀዩ ላይ ወርዷል። እንዴት እንደሚቀዳ ታውቂያለሽ አይደል?”

“እማዬ! መንጃ ፈቃድ ያለኝ ሰው ነኝ እኮ!”

መንጃ ፈቃዱስ እውነት ነው፤ ገና ቀለሙ አልደረቀም። ፈተናው ላይ ግን ስለ መንገድ ምልክት እንጂ ስለ ቤንዚን የጠየቃት አልነበረም። ያልተጠየቀችውን ማወቅ ደግሞ የፌንጣ ልማድ አይደለም።

እናቷ ወረድ ብላ ድምጿን ቀነስ አደረገች። “ስሚኝ። ዛሬ ሳይረፍድ ካደረስሽልኝ፣ ከእንግዲህ የማድረሱ ሥራ ያንቺ ነው። ካልሆነልሽ ግን መጣሁን እጠራዋለሁ።”

መጣሁ የአክስቷ ልጅ ነው። ስልክ በተደወለለት ቁጥር “መጣሁ፣ መጣሁ” እያለ ስለማይመጣ ነው ስሙ የወጣለት። ትምህርቷን ካቋረጠች ወዲህ ዓለም ማለት ለእሷ ከስፌት መኪናው መርፌ እስከ መስኮቱ ድረስ ያለችው ቦታ ናት። ስኩተሯ ደግሞ መንገዱ ሁሉ፣ ሰፈሩ ሁሉ፣ ነፋሱ ሁሉ ናት። ይሄን ሁሉ ለመጣሁ? ሞታ ነው ቆማ!

“መጣሁ ይቅርብሽ። እኔ ሄድኩ!” አለችና ነዳችው።

በየሕንፃው መስታወት ፊት ስታልፍ አንገቷን ሰበር አድርጋ ታያለች። የምታየው ራሷን ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ወንበሩንም ጭምር ነው። እናቷ ከታመመች ወዲህ ፌንጣ ዝም ብላ አልተቀመጠችም። ከአንድ ደንበኛ ሶፋ የተረፈ ቡናማ ቆዳ ነበር። በእሱ የስኩተሯን ወንበር አልብሳዋለች። ማልበስ ስል ጣል ማድረግ አይደለም፤ ወንበሩን ከስኩተሯ ዳሌ ጋር ጠቅልላ፣ ቆዳውን በታች አሳልፋ፣ በሰም የተቀባ ክር ደርባ፣ ጣቷ እስኪላጥ ሰፍታዋለች። በግራ በኩል አንዲት ትንሽ ቀዳዳ ነበረች። የተበሳ መስሏት፣ “ምነው እናቴ ይሄን ሳታስጠግን ቀረች?” ብላ አዝና፣ ቢጫ አበባ ቆርጣ ሰፋችባት። እናቷም ከመስኮት ሆና አየችና “ያምራል” አለቻት። እናቷ ደግሞ ያምራል የምትል ሴት አይደለችም።

ማደያው ጋ ስትደርስ ሞተረኞቹ በአንድ በኩል ተሰልፈዋል። ፌንጣም ከአንድ ታክሲ ጎን አልፋ ሰልፉ ውስጥ ገባች። ከኋላዋ የዶሮ መኖ በከረጢት የጫኑ አንድ ሽማግሌ በሞተራቸው መጥተው ቆሙ። ተራዋ ደረሰ። ቀጂዋ ኮፍያዋን እስከ ቅንድቧ የደፋች ወፍራም ሴት ናት።

“ሞተሩን አጥፊ፣ ቆንጆ። ስንት ልቅዳልሽ?”

“ሙሊው!” አለች ፌንጣ። ይቺን ቃል ለማለት ስንት ቀን ጓጉታለች መሰላችሁ!

“እሺ። ክፈቺልኛ።”

ፌንጣ ስኩተሯን ቃኘቻት። ከፊት ለፊት፣ ከመሪው ስር አንዲት ክዳን አለች። ሌላ ክዳን ስለማይታያት ያቺን ተማምና ከፈተቻት።

ቀጂዋ መቅጃውን እንደያዘች ጎንበስ ብላ አየች። ውስጥ አንድ ጥቅል ክር፣ የእናቷ ጓንትና የተጨማደደ ማስቲካ አለ።

“የኔ እናት፣ እዚህማ ብቀዳልሽ የማጠጣው ጓንቱን ነው።”

ታክሲው ውስጥ የነበረው ሹፌር ሳቁን ለቀቀው። ፌንጣ ግን እጅ አልሰጠችም።

“አውቃለሁ። ማስቲካ ፈልጌ ነው።” አውጥታ አፏ ውስጥ ጨመረችው። ከመቼ ጀምሮ እዚያ እንደነበረ እግዜር ይወቀው፤ ጠጠር ሆኗል። እያኘከች ስኩተሯን ዞረቻት። ጎማው ጋ ጎንበስ አለች። መብራቱን ነካካች። ከኋላ አየች፣ ከታች አየች። ይባስ ብላ የጭስ ማውጫውን በትኩረት ተመለከተችው።

“እባክሽ እዚያ ውስጥ ቅጂ እንዳትዪኝ!” አለች ቀጂዋ።

“ልጄ፣” አሉ ሽማግሌው ከኋላ፣ “የዚህች ዓይነቷ ቋቷ ከወንበሩ ስር ነው። ወንበሩን ከፍ አድርጊው።”

“ወንበሩ ይነሳል እንዴ?” አመለጣት።

“ይነሳል እንጂ። በግራ በኩል ቁልፍ ማስገቢያ አለችው። ትንሽ ቀዳዳ ናት።”

ትንሽ ቀዳዳ። በግራ በኩል። ፌንጣ ቀስ ብላ ወደ ግራ አየች። ቢጫው አበባ ፀሐይ ላይ ፈክቶ ጥርሱን ያሳያታል።

ማስቲካውን ተፋችው። ወንበሩን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ላይ ሳበችው። ስኩተሯ በሙሉ አብራ ተነሳች እንጂ ወንበሩ ፍንክች አላለም። እንዴት ብሎ ፍንክች ይበል? ከነአካሉ እንደ ትራስ ጠቅልላ የሰፋችው እሷ! እናቷ ከልጅነቷ ጀምሮ “ስፌት ማለት የሰፋው ሰው ራሱ መፍታት ሲያቅተው ነው” ስትላት አድጋለች። ይሄው አቃታት።

“ይሄን ወንበር እንዲህ የገነዘው ማን ነው?” አለች ቀጂዋ ስፌቱን በጣቷ እየዳበሰች። “ውይ! እጁ ይባረክ፤ ጭንቅላቱ ግን ይመርመር።”

“አንድ... ሰፊ ነው” አለች ፌንጣ።

“ገንዘብሽን አስመልሺ፣ እህቴ” አለ የታክሲው ሹፌር።

ስኩተሯን ገፍታ ከሰልፉ ወጣችና ጥግ ላይ አቆመቻት። ሻንጣዋ ውስጥ ያለው ሱሪ የከበደ መሰላት። ስልኳን አወጣች። የእናቷን ቁጥር አየችው። እናቷ ብትሰማ ምን እንደምትል ታውቃለች። አትቆጣም፤ ቁጣውስ በስንት ጣዕሙ። “በይ እዚያው ጠብቂ” ትላትና ለመጣሁ ትደውላለች። መጣሁ “መጣሁ” ይላል። ሙሽራው ሲጠብቅ ውሎ በፎጣ ይዳራል። ፌንጣም ከነገ ጀምሮ ወደ መስኮቷ።

ራቅ ብላ ብትፈልግ መቀስ ታገኝ ነበር፤ ጊዜ ግን የላትም። በቅርብ ደግሞ ሱቅ አልታያትም። ስለዚህ ተንበረከከችና ክሩን በጥርሷ ያዘችው። ልብስ ሰፊ ሁሉ ክር በጥርሱ ይቆርጣል። በሰም የተቀባ ድርብ ክርን ግን ጥርስ አይቆርጠውም፤ እሱ ነው ጥርስ የሚቆርጠው። ከሩቅ ላያት ሰው ሞተሯን የነከሰች ነው የምትመስለው።

“ኧረ ልጅቷ ሞተሩን ልትበላው ነው!” ብሎ ጮኸ ሹፌሩ። ቀድቶ ጨርሶ ነበር፤ ግን እንዲህ ያለ ትርኢት ጥሎ የሚሄድ ማን አለ? መኪናውን ዳር አስይዞ ወረደ።

“ከምትስቅ ቢላዋ አትሰጠኝም?”

“ቢላዋ የለኝም። ጥፍር መቁረጫ አለኝ።”

“አምጣው!”

“ተመልሶ ይሰጠኛል? የሚስቴ ነው።”

“ለሚስትህ ሱሪ በነፃ አሳጥርላታለሁ፤ አምጣው ብቻ!”

በጥፍር መቁረጫ አንድ አንድ ስፌት ቀጭ፣ ቀጭ ማድረግ ጀመረች። መጀመሪያ ላይ ቆዳው እንዳይጎዳ እየሳሳች ነበር። ቀጭ ባደረገች ቁጥር ያቺን ስፌት የሰፋችበት ምሽት ትዝ ይላታል። ሽማግሌው ከመቅጃው ሲመለሱ ቆም ብለው አዩዋት።

“ልጄ፣ የምትቸኩዪበት ነገር አለ?”

“ሙሽራ ያለ ሱሪ እየጠበቀኝ ነው።”

ሽማግሌው ሞተራቸውን ዳር አቆሙ። “እንግዲያውስ ለቆዳው ማዘኑን ትተሽ ለሰውዬው እዘኚለት።”

እውነታቸውን ነው። ፌንጣ ተነሳች፤ ሹፌሩን በአንድ በኩል፣ ሽማግሌውን በሌላ በኩል አቆመችና “ሳቡ!” አለች። እነሱ ግራና ቀኝ ሲስቡ እሷ የተወጠረውን ክር ትቆርጣለች። ቆዳው ጠርርርር ብሎ ለቀቀ። አበባዋን በጥፍሯ ገነጠለቻት። ከስሯ ቁልፍ ማስገቢያዋ ብቅ አለች፤ ምንም ያልተበሳ፣ ምንም የማያሳዝን ጤነኛ ቀዳዳ። ቁልፉን አስገብታ ብታዞረው ጠቅ አለ፤ ወንበሩም እንደ ሳጥን ክዳን ተነሳ። ውስጥ ጥቁር የቋት ክዳን አለ።

“አለ! እዚህ ነው!” ብላ ጮኸች፣ ወርቅ ያገኘች ይመስል። የሰልፉ ሞተረኞች አጨበጨቡላት። ቀጂዋም ከተራ ውጪ አስገባቻት፤ “የሙሽራ ነገር ስለሆነ ነው፣ ማንም እንዳያጉረመርም!” ብላ።

ቤንዚኑ እየተንዶቆዶቀ ሲገባ ፌንጣ አፏን ከፍታ ታየው ነበር። ደስ ሲል! ሽታው ሳይቀር ደስ አላት።

“በሚቀጥለው ስትመጪ ራቁቷን አምጪያት” አለች ቀጂዋ ክዳኑን እየጠመዘዘች።

የሙሽራው ቤት እውነትም በጫጫታው ተገኘ። በሩን የከፈተችው የሙሽራው ታላቅ እህት ናት። ሻንጣውን ስታይ ወደ ውስጥ ዞራ “ሱሪው መጣ!” ስትል ቤቱ በጭብጨባ ተናወጠ። ሙሽራው ኮቱን ለብሶ፣ ክራቫቱን አስሮ፣ ጫማው እየበራ፣ በመሃል ግን ፎጣ አገልድሞ ብቅ አለ። ሱሪውን ነጥቋት ገባና ሙሉ ሰው ሆኖ ተመለሰ። ቁመቱ ልክ ጫማው ላይ ነው ያረፈው፤ ማጠር የለ፣ መርዘም የለ።

“እህቴ፣ ዛሬ ከሙሽራዬ ቀጥሎ የምወደው አንቺን ነው!”

“ተወው፣ ሥራችን ነው” አለች ፌንጣ እየተቅለሰለሰች።

እህትየዋ በመስኮት ወደ ውጪ አየች። “ያ ከሞተርሽ ላይ የሚወዛወዘው ግን ምንድነው? ቀሚስ ነው?”

“አዲስ ዲዛይን ነው።”

ወደ ቤት ስትመለስ የተተረተረው ቆዳ በግራና በቀኝ እንደ ክንፍ ይርገበገባል፤ እሷ ደግሞ ለእናቷ የምትነግራትን ታሰናዳለች። ነፋስ ነው የገነጠለው። አይ፣ ይሄን ሕፃንም አያምን። ውሻ ነው። ውሻ ስኩተር ምን ያደርግለታል? ቀጂዋ ናት በጉልበት የከፈተችው! ይቺ ታስኬድ ነበር። ግን ቀጂዋ ከተራ ውጪ ያስገባቻት ሴት ናት፤ ሐሜቱ ከበዳት።

እናቷ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቃታለች። ዓይኗ መጀመሪያ ልጅቷ ላይ፣ ቀጥሎ የተንጠለጠለው ቆዳ ላይ አረፈ።

“ደረሰ?”

“ደርሷል። ልክክ ብሎለታል።”

“ወንበሩን ምን በላው?”

ፌንጣ ውሻውን ልትጠራው አፏን ከፈተች። ዘጋችው። “እኔ ነኝ” አለች። “ስሰፋው ቤንዚኑ የሚገባበትን ደፍኜው ነበር። ወንበሩ እንደሚነሳ አላውቅም ነበር። ራሴ ቀደድኩት።” ከዚያም ጓንቱን፣ ማስቲካውን፣ ጥፍር መቁረጫውን፣ የጭስ ማውጫውን ሳይቀር አንድ ሳታስቀር ነገረቻት።

እናቷ መጀመሪያ ከንፈሯን ነከሰች። ኋላ ግን አልቻለችም፤ የተሰበረ እጇን ደግፋ፣ ግድግዳውን ተደግፋ፣ “አሳመምሽኝ! ወይኔ እጄን!” እያለች እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ፌንጣ እናቷ ከወደቀችበት ቀን ወዲህ እንዲህ ስትስቅ አላየቻትም።

“ጅሏስ እኔ ነኝ፣ ከመስኮት አይቼ ያምራል ያልኩት” አለች እንባዋን እየጠረገች። “በይ ነገ የሆቴሉን መጋረጃ ትወስጃለሽ። መጣሁም እንዳልመጣ ይቅር።”

ፌንጣ ተነፋች። እጇን ወገቧ ላይ አደረገች።

“ድሮስ! ማደያው እኮ ሥራውን አቁሞ ነው ያየኝ፣ እማዬ። ቀጂዋ፣ ሽማግሌው፣ ባለታክሲው፣ ሁሉም አጨበጨቡልኝ! እንደ እኔ አድርጎ ቤንዚን የቀዳ ሰው እስከ ዛሬ አልተፈጠረም!”

“ቤንዚን ቀዳሽ እንጂ ነዳጅ ቆፍረሽ አላወጣሽ!” አለች እናቷ። “ሂጂ እጅሽን ታጠቢ።”