የእማዬ ቀጠሮ

ታላቅ ወንድሜ «ስምንተኛ ክፍል ላይ የቀረ ሰው ከኮምፒውተር ጋር ምን አገናኘው?» ያለኝን እስከዛሬ አልረሳሁም። የእማዬን ዓይን ያየው ሐኪም ሕክምናው ከዚህ ወር ካለፈ ብርሃኗ አይመለስም ብሏል። የሆስፒታሉ ቀጠሮ በድረ ገጽ የሚከፈት ዕለት፣ ሰው የከፈተው ብራውዘር ነኝ እያለ ገጹን በሴኮንድ ሃያ ጊዜ የሚጠይቅ ኮድ ጻፍኩ።

እህቴ «ወንድምዓለም፣ እኔም በስልኬ ልሞክር» አለች።

«አርፈሽ ተቀመጪ።»

ቀጠሮው ሊከፈት ሁለት ደቂቃ ሲቀረው የሆስፒታሉ ሰርቨር ነቃብኝና ከቤታችን የኢንተርኔት መስመር የሚመጣውን ሁሉ ዘጋ። እህቴ ስልኳን ይዛ የጎረቤት ኢንተርኔት ጋ ሮጣ እስክትደርስ ቦታው አልቆ ነበር።

እማዬ ከአልጋዋ ሆና በእጇ ፊቴን ፈለገች።

«ተሳካልህ አይደል፣ የኔ ልጅ? በል ደውልልኝ፣ ያ አፈኛ ወንድምህ ይስማ።»

ስልኩን አነሳሁና ደወልኩለት። «ቀጠሮውን ያስመለጥኩት እኔ ነኝ» አልኩት፣ እማዬም እየሰማች።