ሦስተኛው አፉታ

ፋይግ ሙአሊም ዓይኑን በጨው አጥቦ ለቅሶ ሊደርስ የመጣው ድንኳኑ በተተከለ በሰባተኛው ቀን ነው። በኛ መንደር በቡዞቭና አለቃ የሆነ ሁሉ ሙአሊም ይባላል፤ ይኼኛው ማንን ምን እንዳስተማረ ግን የሚያውቅ የለም። ጥቁር መኪናውን ከደጃፉ አቁሞ ወረደ። ከኋላው የባሕር ነዳጅ ቁፋሮ ኩባንያው ጠበቃ፣ ከጠበቃው ኋላ ደግሞ ካሜራ የተሸከመ ሰው ተከተለ። ለቅሶ ቤት፣ በካሜራ!

ወንዶቹ መንገድ ዳር በተተከለው ድንኳን፣ ሴቶቹ ደግሞ ቤት ውስጥ ነበሩ። የሟች እናት ሰርቪናዝ ከመስኮቱ ሥር ተቀምጣለች። የድንኳኑ ሸራ መስኮቱን ስለሚታከክ እዚያ የሚባለው ሁሉ ይሰማታል። ጎረቤቷ ቱከዝባን መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ አየችና ፊቷን አጨማደደች።

«መጣልሽ። ሽቶው ከሱ ቀድሞ ገባ።»

«ማን?»

«ማን ይሆናል? አለቃቸው ነዋ! እንዴት አምሮበታል ባክሽ፣ ሠርግ የተጠራ ነው የሚመስለው።»

ሰርቪናዝ ፊቷን ከመስኮቱ መለሰች። ልጇ ሻህማር ከባሕር አልወጣም። ሬሳ ሳይታጠብ፣ ሳይከፈን፣ ፍለጋው ቆሟል ስለተባለ ብቻ ድንኳን መትከል ለሷ ልጇን በገዛ እጇ እንደማስጠም ነበር። ሽማግሌዎቹ ግን ባሏን አጋባላን ያዙት፣ አግባቡት፣ ተተከለ። አጋባላ ሰው እምቢ ማለት አያውቅበትም። ዕድሜ ልኩን በዚያው ባሕር ላይ ሲሠራ ለአለቃ እሺ፣ ቤት ሲመጣ ለጎረቤት እሺ እንዳለ አረጀ። ይህ ጠባዩ ሰርቪናዝን ሲያበግናት ኖሯል።

የሆነውን ሁሉ የነገራት ሲያቩሽ ነው፤ ከሻህማር ጋር አብሮ ይሠራ የነበረና ባሕሩ በሕይወት ከተፋቸው ጥቂቶች አንዱ። ሐዝሪ፣ ያ ክፉ የሰሜን ነፋስ፣ እንደሚመጣ ከጠዋት ጀምሮ ታውቆ ነበር። ባሕሩ ላይ የነበረው የቁፋሮ ኃላፊ ሰዎቹን የሚያወጣ መርከብ ይላክልን ብሎ ወደ ከተማ ደወለ። ፋይግ ሙአሊም ከሞቀ ቢሮው ሆኖ «ሐዝሪ ዛሬ አልተፈጠረም፤ ጉድጓዱን ጨርሱና ትመጣላችሁ» አለ። ቀኑ ሲመሽ ማዕበሉ የጋዙን ቧንቧ ሰበረው፣ እሳት ተነሳ፣ ሰዎቹም ተሯሩጠው የነፍስ አድን ጀልባው ውስጥ ገቡ። ጀልባውን ያንጠለጠለው የብረት ገመድ ዝጎ ነበር። ይቀየርልን እየተባለ ሲለመን ኩባንያው «ለሚቀጥለው ዓመት» እያለ ከርሟል። ጀልባው ሰው እንደሞላ ገመዱ ተበጠሰ።

ይህ አልበቃ ብሎ ኩባንያው በማግስቱ በቴሌቪዥን ቀረበና ሠራተኞቹ ተደናግጠው ጀልባውን በስህተት ለቀቁት አለ። የጀልባውን ማውረጃ መዘውር ይዞ የነበረው ሻህማር ነው። እንግዲህ ልጁን ከገደሉት በኋላ ነፍሰ ገዳይ አደረጉት። እንዲህ ያለውን ሰው ምን ብለው ይሰድቡታል? ስድብም ይጎድላል።

ሰኞ የሟች ቤተሰቦች ኩባንያውን የከሰሱበት ችሎት አለ። ሲያቩሽ ለሰርቪናዝ እያለቀሰ የነገራትን ዳኛ ፊት አይናገርም፤ የሚያበላው ኩባንያው ነው፣ ልጆችም አሉት። የቀረው ምስክር አጋባላ ነው። ሻህማር እሳቱ ከመነሳቱ በፊት የደወለው ለአባቱ ነበር፤ አጋባላ ግን የተባለውን ለሚስቱም ሳይነግር ሆዱ ውስጥ ቀበረው። ስልኩ እንደተደወለ ኩባንያው ያውቃል።

አፉታ ምን እንደሆነም ያውቃል። ሬሳ ከቤት ሲወጣ ሞላው፣ የመስጊዱ ሼህ፣ ሦስት ጊዜ «ሟቹን አፉ ትሉታላችሁ? ይቅር ትሉታላችሁ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ሕዝቡም ሦስት ጊዜ «አፉ ብለናል» ይላል። ሦስተኛዋ ከተባለች በኋላ ነገሩ በዚህም በወዲያኛውም ዓለም ተዘጋ ማለት ነው። አፉ ብሎ ተመልሶ ከሳሽ የሚሆን ሰው በኛ መንደር ሰላም የሚለው አያገኝም። ፋይግ የዚሁ አካባቢ ልጅ ነው፣ ወጉን ከእናቱ ጡት ጋር ጠብቶታል። ዚራ መንደር ሄዶ ከሟቾቹ የአንዱን አባት ሦስቴ አፉ አስባለውና አስቀረጸው። ጠበቃው ያንን ፊልም በመጀመሪያው ችሎት አጫወተው። «ቤተሰቡ በአላህ ፊት ይቅር ካለ እኛ ምን ቤት ነን?» አለ። ምስኪኑ አባት ሊመሰክር ቆሞ ቃል አልወጣውም።

አሁን ተራው የሻህማር ሆኗል።

ድንኳኑ ውስጥ ሻይ ቀረበ፣ ለሟች ነፍስ ፋቲሐ ተቀራ። ከዚያ የሐጂ ሚርካማል ድምፅ ተሰማ። የመንደሩ ትልቅ ሽማግሌ ናቸው፤ የመስጊዳቸውን ጣሪያ ያሳደሰላቸውም ይኸው ኩባንያ ነው።

«አጋባላ ልጄ፣ ፋይግ ሙአሊም የመጣው ሊያጽናናህ ብቻ አይደለም። ትልቅ ሰው ሆኖ ሳለ ራሱን ዝቅ አድርጎ አፉታ ሊጠይቅህ ነው።»

«አጎቴ አጋባላ፣» አለ ፋይግ ድምፁን አለስልሶ። «ሻህማር ለኔም ወንድሜ ነበር። አውቄም ሆነ ሳላውቅ ያጠፋሁት ካለ አፉ ይበሉኝ።»

«ሳላውቅ አለ!» ቱከዝባን ጥርሷን ነከሰች። «ይኼ ሰውዬ የማያውቀው ነገር ቢኖር እፍረት ነው።»

ሰርቪናዝ ጆሮዋን ወደ ሸራው አስጠጋች። እምቢ በል፣ አለች በልቧ። ስትፈጠር እምቢ ብለህ አታውቅም፣ ዛሬ ብቻ፣ ለልጅህ ስትል እምቢ በል።

«አፉ ብያለሁ፣» አለ አጋባላ።

«አላህ ይቀበልህ! ድገማት ልጄ፣» አሉ ሐጂ።

«አፉ... ብያለሁ።»

ሰርቪናዝ እንዴት እንደተነሳች አታውቅም። ደሟ ፈልቷል። ሴቶቹ ቀሚሷን ይዘው ሊያስቀምጧት ታገሉ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ወንዶቹ ጋ አይገባም! ነውር ነው!» አለች አንዷ።

«ልቀቋት፣» አለች ቱከዝባን። «ነውሩ ቀድሟት ገብቷል።»

ሰርቪናዝ ወጥታ የድንኳኑን ሸራ ገልጣ ስትገባ ወንዶቹ አጉረመረሙ። ሻይ ሲያድል የነበረው ሲያቩሽ ትሪውን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። ሰርቪናዝ ግራ ቀኝ ሳታይ ሄዳ ከፋይግ ፊት ቆመች።

«አንተ!» አለችው። አለቃን አንተ ስትል ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

ፋይግ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። «እናቴ፣ ሐዘንዎ ይገባኛል...»

«እናትህ አይደለሁም። የሻህማር እናት ነኝ። አፉታ የሚጠየቀው ለማን ነው? ሬሳ ከቤት ሲወጣ አይደለም እንዴ? ታዲያ ሬሳው የታለ? ልጄን ይዘህልኝ መጣህ?»

«ሰርቪናዝ!» አሉ ሐጂ።

«ወይስ ለራስህ ነው? ለራስህ ከሆነማ ደግ። ቃሬዛው መስጊድ ቆሟል። ለልጄ አልደረሰም፣ ባዶውን ነው። ይምጣና ተኛበት! እኔው በእጄ እከፍንሃለሁ። ያን ጊዜ ሞላው ይጠይቅልህ፣ እኛም የሚገባህን እንመልስልሃለን።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቅ አመለጠውና በመዳፉ አፈነው። የፋይግ ፊት በርበሬ መሰለ።

«ለቅሶ ቤት እንግዳ አይሰደብም!» ሐጂ ሚርካማል በምርኩዛቸው መሬቱን መቱት። «ወግ አለን!»

«እንግዳማ ቢሆን ሻዩን ጠጥቶ፣ ፋቲሐውን ቀርቶ ይሄድ ነበር ሐጂ። ጠበቃ ይዞ ለቅሶ የሚደርስ እንግዳ የት አይተው ያውቃሉ? ደግሞ እርስዎ ወግ ሲሉ ትንሽ አይጨንቅዎትም? ጣሪያ ሠራልኝ ብለው የልጄን ደም ሊያስቀብሩለት ነው?»

በነገሩ ያልደነገጠው ጠበቃው ብቻ ነበር።

«እናትየውን ሐዘን እያናገራቸው ነው፣ አይፈረድባቸውም፣» አለ ለስለስ ብሎ። «አባትየው ሁለቴ ብለዋል። የቀረችው አንዷ ነች።» ካሜራ የያዘውንም ጠጋ በል ብሎ በዓይኑ ጠቀሰው።

ሰርቪናዝ ወደ ባሏ ዞረች። አጋባላ አንገቱን ደፍቶ፣ እጆቹን ጉልበቱ መሃል ቀብሮ ተቀምጧል። ልትጮህበት ነበር። ስታየው ግን ድምፅዋ ዝቅ አለ።

«አንተ ሰውዬ፣ ልጅህ በስልክ ምን አለህ?»

ጎንበስ ብላ ጠጋ አለችው።

«ለኔ ያልነገርከኝ እንዳይብስባት ብለህ ነው፣ አውቃለሁ። ከዚህ ወዲያ ምን ይብስብኛል? ንገረኝ። ሰው ሁሉ ይስማው።»

«መርከብ...» አለ አጋባላ። «‹አባ፣ መርከብ ከልክለውናል› አለኝ። ‹የጀልባውን ገመድ አይቼዋለሁ፣ እኛን አይችልም፤ ሌላ መውጫ ደግሞ የለም› አለኝ። ከዚያ ሳቀ። ‹መዘውሩን የምይዘው እኔ ነኝ፣ ቢበጠስ እሱ ነው የለቀቀው ይሉኛል፣ ታያለህ› አለኝ።»

ልጁ ሞቱን ብቻ ሳይሆን ከሞቱ በኋላ የሚዋሽበትንም ውሸት ቀድሞ ያውቅ ነበር።

ፋይግ ከመቀመጫው ተነሳ። ያ ልስላሴ ጠፍቷል።

«አጎቴ፣ በስልክ ስለተባለ ነገር እዚህ አንከራከርም። ሁለቴ ብለዋል። ወንድ ልጅ ደግሞ ቃሉን አያጥፍም። ሦስተኛዋን ይበሉና በሰላም እንለያይ።»

«አላጥፍም፣» አለ አጋባላ። ቀና ብሎ አየው፣ ቀስ ብሎም ቆመ። «ሁለቱ የኔ ነበሩ። አንዷን ቤቴ ስለመጣህ፣ አንዷን ለሐጂ ሽበት ብዬ ሰጥቼሃለሁ፣ ውሰዳቸው። ሦስተኛዋ ግን የኔ አይደለችም፣ የሻህማር ነች። እሱ ያለው እናንተ የተዋችሁት ቦታ ነው። መርከብ አለህ አይደል? ሂድና ጠይቀው!»

ፋይግ ሙአሊም ወደ መውጫው ዞረ። ለቅሶ የደረሰን እንግዳ እስከ ደጅ መሸኘት የመንደሩ ወግ ነው። ማንም አልተነሳም፤ ሐጂ ሚርካማልም አልተነሱም። ሲያቩሽ ብቻ ትሪውን አስቀምጦ ሄደና ከአጋባላ ጎን ቆመ፤ «ሰኞ አብረን ነን፣» አለው።