ዓይኔን እያየሽ?

የጤና ጣቢያው የአእምሮ ጤና አማካሪ ስለ ኦቲዝም የማያውቀው ነገር አልነበረም። ግማሽ ቀን ሙሉ ሠልጥኗል፤ ያውም ብዙም ሳያንቀላፋ። ኦቲዝም ማለት በቃ ወንድ ልጅ ነው፤ አይናገርም፣ ዓይን አያይም፣ መጫወቻ መኪና ይደረድራል። ከዚህ ወዲያ ያለው የሐኪሞች ቅንጦት ነው።

አንድ ጠዋት፣ በአንድ ድርጅት ውስጥ ስልክ እያነሳች ደንበኛ በማስተናገድ የምትሠራ ወጣት ከእናቷ ጋር ገባች። ፈገግ ብላ ትክ ብላ አየችው።

«ኦቲዝም ይኖርብኝ ይሆን ብዬ ነው የመጣሁት» አለች።

አማካሪው ሳቁን በሳል ሸፈነ። «አንቺ? እንዲህ እያወራሽ? ዓይኔን እያየሽ?»

«እኔም ይሄንኑ ነው የምላት» አሉ እናት። «ከልጅነቷ ጨዋ ናት፤ ቃል አይወጣትም። ትንሽ አመለኛ ብትሆን ነው እንጂ!»

«ጭንቀት ነው» ሲል ፈረደ አማካሪው። «ከሰው ተቀላቀዪ። ትዳር ስትይዢ ደግሞ ይለቅሻል።» ትዳር መቼም የማያድነው በሽታ የለም፤ እሱ ራሱ ሁለት ጊዜ ታክሞበታል።

ልጅቷ ፈገግታዋን ሳታጠፋ፣ «የማየው ዓይንዎን አይደለም፤ ቅንድብዎ ላይ ያለውን ጠባሳ ነው» አለች። «ዓይን ካላየሽ ንቀት ነው ስለተባልኩ ተለማመድኩት። ፈገግታውን ከክፍል ጓደኛዬ ቀዳሁ። ሥራ ቦታ የማወራው ተጽፎ የተሰጠኝን ነው። ቤት ስገባ ግን ልሳኔ ይዘጋል፤ ቁም ሣጥን ውስጥ ገብቼ እቀመጣለሁ።»

«ልብስ የምታጣጥፊ መስሎኝ!» እናት ደነገጡ። «ምነው ሳትነግሪኝ?»

«ጨዋ ናት ስትዪ ደስ ይልሽ ነበር፣ እማዬ።»

እናት ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። አማካሪው አንድ የመጨረሻ ጥይት ቀርቶት ነበር። «በልጅነትሽ መኪና ትደረድሪ ነበር?»

«ማን ገዝቶልኝ? ሴት ነኝ እኮ።»

አማካሪው አምኗት ሳይሆን ከፊቱ ሊያርቃት ብሎ ወደ ስፔሻሊስት ላካት። ስፔሻሊስቷ ረጅም ሰዓት ጠየቀቻት፤ እናትንም ለብቻ አነጋገረች። ኦቲዝም ነበር። ልጅቷ ያን ዕለት ያን የተቀዳ ፈገግታ ፊቷ ላይ ሳታደርግ፣ እንደመጣላት ሆና ወደ ቤቷ ሄደች። ከአለቃዋ ጋር ተነጋግራም ከስልክ ወደ ጽሑፍ መልእክት ክፍል ተዛወረች። እናትም «ተጫወቺ እንጂ!» እያሉ እሷን እንግዳ ፊት መጎተታቸውን ተዉ።

ወሬው ጤና ጣቢያው ሲደርስ አማካሪው ባልደረቦቹን ሰብስቦ አገጩን እያሻሸ፣ «እኔ እንኳን» አለ፣ «ገና ከበር ስትገባ ነው የገባኝ።»